ፋታ የማይሰጥ የአንድ ጎን ራስ ምታት፦ ምን እናድርግ?

ታላቅ እህት፣ አዳማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴን ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ራሷን በግራ በኩል ብቻ ያማታል። ቀንም ሌትም አይለቃትም። ሲብስባት ግራ ዓይኗ ቀልቶ ያነባል፣ አፍንጫዋም በዚያው በኩል ይዘጋል። ያን ጊዜ መቀመጥም መተኛትም ያቅታታል። መጀመሪያ ሳይነስ ነው አሏት፣ ቀጥሎ ማይግሬን። ኤም አር አይ ተነስታ ምንም የለም ተባልን። ፓራሲታሞልም አልፈየደላትም። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የነርቭ ክፍል ነርስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። በጽሑፍ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን ሄሚክራኒያ ኮንቲኑዋ ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በሽታ ስለሆነ ከማይግሬን ጋር ይምታታል። ማይግሬን መጥቶ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ይብሳል፣ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይተውም፤ በአንድ ጎን ከ3 ወር በላይ ይቆያል። መለያው ኢንዶሜታሲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። በበቂ መጠን ተወስዶ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ፣ መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን አረጋገጠ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይጀመርና ሐኪሙ እያየ ይጨምራል። በትንሹ ሞክሮ «አልሠራም» ብሎ መተው ነው ሰውን የሚጎዳው። ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ሐኪም) ጋ ውሰጃትና የኢንዶሜታሲን ሙከራ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቂ።

ታማሚ፣ ባሕር ዳር፦ እኔም ያለብኝ ይኸው ነው። ጥርስ ነው ተብሎ ጥርሴን ሁሉ ተነቅያለሁ። ኢንዶሜታሲን በጀመርኩ በቀናት ውስጥ ለቀቀኝ፤ ሳቋርጠው ግን ይመለሳል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ዓይኗ የቀላበትን ሰዓት በስልክ ፎቶ አንሺና አሳዪው። እኔን የረዳኝ እሱ ነው።

ታላቅ እህት፦ ተባረኩ! ጨጓራ አለባት ግን። ትችለዋለች?

ፋርማሲስት፦ እህቴ፣ ጨጓራዋን ሳትናገሩ እንዳታስጀምሯት። ኢንዶሜታሲን ጨጓራን ያቆስላል፣ ሊያደማም ይችላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አብሮ ያዛል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም አስም ካለባት ቀድማ ትንገረው። ከአይቡፕሮፌንና ከዳይክሎፌናክ ጋር ደርባ አትውሰድ። ኢንዶሜታሲን ካልተስማማት ቶፒራሜት ወይም ሜላቶኒን የሚባሉ መድኃኒቶች፣ ወይም በማጅራት በኩል የሚሰጥ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ይሞከራል፤ የኢንዶሜታሲንን ያህል ግን አስተማማኝ አይደሉም።

የነርቭ ክፍል ነርስ፦ አንድ ልጨምር። ድንገት ከወትሮው የከፋ ሕመም ቢመታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ቢመጣ፣ እጅ ወይም እግሯ ቢዝል፣ ዓይኗም ቢጋረድ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።