ለቆዩ ደንበኞቼ ዋጋ መጨመሬን እንዴት ልንገራቸው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራፊክ ዲዛይን በፍሪላንስ (ሳልቀጠር በግሌ) መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቋሚ የምላቸው አምስት ደንበኞች አሉኝ። ሦስቱ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብረውኝ ናቸው፤ ዋጋዬም ያኔ ጀማሪ ሆኜ፣ ብቻ "እሺ" ይበሉኝ ብዬ የጠራሁት ነው። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልነካሁትም። አሁን በሰዓት 100 የነበረውን 125 ላደርግ ወስኛለሁ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። ያቃተኝ መልእክቱን መጻፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አንዱ ይቅርታ መለመኛ ሆነብኝ፣ ሌላው ጸብ ያለሽ በዳቦ መሰለ። ደግሞ አንዷ ደንበኛ ሁለቱን ሌሎች ያመጣችልኝ እሷ ናት፣ እሷን በጣም አፈርኩ። ሁሉም ጥለውኝ ቢሄዱስ? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

መልስ፣ ከአንዲት ተርጓሚ

እህቴ፣ መጀመሪያ ፍርሃቱን በሒሳብ እንየው። በ100 አምስት ሰዓት ብትሠሪ 500 ነው። በ125 አራት ሰዓት ብትሠሪም 500 ነው። ስለዚህ ከሥራሽ አንድ አምስተኛው ቢቀር ገቢሽ ያው ነው፣ ትርፉ የእረፍት ሰዓት ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ አንዱ ደንበኛ ብቻውን የገቢሽን ግማሽ የሚይዝ ከሆነ ይሄ ሒሳብ አይሠራም። እንደዚያ ከሆነ ለእሱ መጨረሻ ላይ ንገሪው።

ሌላው፣ የኑሮ ውድነቱ በዓመት 5 በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ በአራት ዓመት ከ21 በመቶ ያልፋል። ከ25ቱ አብዛኛው እኮ የተበላብሽን ማስመለስ ነው። ይሄን ለደንበኛው አትጻፊለት፣ ለራስሽ ያዢው።

መልስ፣ ከድረ ገጽ ሠሪ

ብዙ አታብራሪ። ምክንያት በደረደርሽ ቁጥር መከራከሪያ እያቀበልሽ ነው። "ኪራይ ጨመረብኝ" ካልሽው "እኔስ መቼ ቀነሰልኝ" ይልሻል፣ እውነቱንም ነው። እኔ የምልከው ይህን ያህል ነው፦

"ሰላም፣ እንዴት ሰነበቱ? ከዚህ ቀን ጀምሮ የሰዓት ዋጋዬ 125 ይሆናል። አሁን በእጄ ያለው ሥራ በነበረው ዋጋ ያልቃል። እስከዚያ ቀን የሚያዙኝንም በአሁኑ ዋጋ እሠራለሁ። ጥያቄ ካለዎት ይጻፉልኝ።"

"ከዚህ ቀን" ባልኩት ቦታ ትክክለኛውን ቀን አስገቢ። ቢያንስ የ30 ቀን ጊዜ ስጫቸው። በጀታቸውን አስቀድመው የሚያጸድቁ ድርጅቶች ከሆኑ 60 ይሻላል። ውል ካለሽ ደግሞ ዋጋው እስከመቼ እንደሚጸና መጀመሪያ አንብቢ። ውሉ ሳያልቅ መጨመር አይቻልም ከተባለ እስኪታደስ ትጠብቂያለሽ፣ ሌላ መላ የለውም።

በአፕወርክ (ፍሪላንስ ሠሪና ደንበኛ በኢንተርኔት የሚገናኙበት ገጽ) የምትሠሪ ከሆነ ፕሮፋይልሽ ላይ ዋጋ መቀየርሽ የተጀመረውን ውል አይነካውም። ፋይቨር የሚባለው ተመሳሳይ ገጽ ደግሞ ከክፍያሽ 20 በመቶ ይቆርጣል፤ 125 ጠርተሽ እጅሽ የሚገባው 100 ነው። ይህ ሳይገባኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጨመርኩ ብዬ ስፎክር ነበር።

መልስ፣ ከአንድ ዲዛይነር

እኔ በሰዓት መጥራቱን ራሱን አልወደውም። ያኔ 10 ሰዓት የፈጀብሽን ሎጎ አሁን በ6 ትጨርሺዋለሽ እንበል። ያኔ 1000 ታገኚ ነበር። አሁን ጨምረሽ እንኳ 750 ነው። ጎበዝ በመሆንሽ ተቀጣሽ ማለት ነው! ዋጋውን በሰዓት ሳይሆን በሙሉ ሥራው ጥሪ፣ ለደንበኛውም ጠቅላላውን አስቀድሞ ማወቁ ይቀለዋል።

መልስ፣ ከቪዲዮ አርታኢ

ለሎጎ ልክ ብለሃል ወንድሜ። ግን "ትንሽ ብቻ ነካ አድርጊው" እያለ አሥር ጊዜ የሚመልስ ደንበኛ ካጋጠማት በሥራ መጥራት ጉድ ያፈላል። ስንት ዙር እርማት እንዳለው ካልተጻፈ ባትነካው ይሻላል።

የኔን ስህተት ልንገርሽና ተማሪበት። ሥራው መሃል ላይ ሳለ ነው ጭማሪ የተናገርኩት። ደንበኛው ከፈለ፣ ግን ሁለተኛ አልተመለሰም፣ እኔም ብሆን አልመለስም ነበር። ሌላው ጥፋቴ "ዋጋ ላስተካክል እያሰብኩ ነበር፣ ምን ይመስልዎታል?" ብዬ መጻፌ ነው። ምን ይመስለዋል? አይመስለውም!

"ቅናሽ አድርጊልኝ" ካለሽ ዋጋውን አትንኪ፣ ሥራውን ቀንሺለት። አምስት ፖስተር የነበረው አራት ይሁን። ሥራው ሳይቀንስ ዋጋው ከቀነሰ ጭማሪው ከመጀመሪያውም የውሸት ነበር ብሎ ያስባል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ የ10 ሰዓቱ ነገር አንጀቴን በላኝ። ደንበኞች ያመጣችልኝን ሴትስ? ለእሷ በአሮጌው ዋጋ ልቀጥል ይሆን?

መልስ፣ ከተርጓሚዋ

ለሷ ብቻ በአሮጌው ከቀጠልሽ ካመጣቻቸው ጋር ይተዋወቃሉ እኮ፣ አንድ ቀን ያወሩታል። ዋጋው ለሁሉም እኩል ይሁን። ለእሷ ግን ጊዜውን አርዝሚላት፣ ለሌላው አንድ ወር ከሆነ ለሷ ሦስት ወር። ደግሞ በጽሑፍ ከመላክሽ በፊት ደውለሽ ንገሪያት። ውለታ በኢሜይል አይመለስም።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ላኩት! መጀመሪያ ሥራው ትንሽ ለሆነው ነው የላክሁት። "እሺ፣ ደርሶኛል" አለኝ፣ በቃ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት? ሴትየዋ ስደውልላት ሳቀችና "ቆይተሻል" አለችኝ። አንዱ አይሆንም ብሎ በጨዋ ደንብ ተሰናብቷል፣ ትንሽ ከፍቶኛል። አንዱ ተደራድሮ የወሩን ሥራ ቀንሷል። የመጨረሻው ግን ጭራሽ መልስ የለውም። ዝምታው እሺ ነው ልበል?

መልስ፣ ከድረ ገጽ ሠሪው

አትበይ። ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ መስመር ጻፊለት፣ "ከሰኞ ጀምሮ በአዲሱ ዋጋ እንቀጥል?" ብለሽ። እሺ የሚል ጽሑፍ ሳይመጣ አዲስ ሥራ አትጀምሪለት፣ በአዲሱ ዋጋም ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) አትላኪ።