ጥቆማ፦ የቤት ዕቃ እንጨት ሥራ ለመማር ኮሌጅ፣ አጭር ሥልጠና ወይስ እንጨት ቤት?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣለትም። ዕድሜው 19 ነው። እጁ ሥራ ይወዳል፤ የሰፈሩን ወንበር ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። አሁን የቤት ዕቃ መሥራት መማር እፈልጋለሁ ብሏል። ኮሌጅ ላስመዝግበው፣ የሦስት ወር ሥልጠና ልክፈልለት ወይስ አንድ እንጨት ቤት ለማጅ ሆኖ ይግባ? ከመሀል ከተማ ባይርቅ ይመረጣል። የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ (ከተክለ ሃይማኖት)

እህቴ፣ ሦስቱም የየራሳቸው ነገር ስላላቸው ለየብቻ ልንገርሽ። ለማን እንደማደላ ግን አስቀድመሽ እወቂው፦ እኔ ከእንጨት ቤት የወጣሁ፣ ለማጅም ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ለእናንተ የሚቀርበው ኮሌጅ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ የቀድሞው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ማለት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ደግሞ ተግባረ ዕድ አለ። ሁለቱም የመንግሥት ስለሆኑ ወጪው አይከብድም። የእንጨት ሥራ ክፍሉ ዘንድሮ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ግን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደሽ ጠይቂ። ኮሌጅ ለልጁ የሚሰጠው ንድፍ ማንበብና ወረቀት ነው። ንድፍ ማንበብን አትናቂው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በናሙና ብቻ ሲሠሩ የኖሩ፣ ሥዕል ሲያሳዩዋቸው ግን የሚደናገሩ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። ወረቀቱም፣ ማለትም የብቃት ምዘናው፣ ኋላ መሥሪያ ቤት ልቀጠር ሲል ይጠየቅበታል። የኮሌጅ ድክመቱ የማሽን ወረፋ ነው። አንድ መላጊያ ማሽን ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ዎርክሾፑን ገብተሽ እዪ። ለትብብር ሥልጠና ወደ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሚልኳቸውም ጠይቂ፤ ልጁ እጁን የሚፈታው እዚያ ነውና።

የሦስት ወሩን በአጭሩ ልለፈው። ብዙዎቹ የሚያስተምሩት ኤም ዲ ኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከማጣበቂያ የተጨመቀ ቦርድ ቆርጦ፣ ጠርዙን ለጥፎ፣ በብሎን ማሰር ነው። ገንዘብ ያስገኛል፤ እንጨት ማጋጠም ግን አይደለም። ያውም ክፍያው ለማጅ ሆኖ ቢገባ በነጻ የሚያገኘውን ነው የሚያስከፍልሽ።

አሁን ወደ እንጨት ቤቱ። መጀመሪያ የድሮ አድራሻ ይዘሽ አትንከራተቺ፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ ጓሮ ውስጥ የነበሩ ብዙ ቤቶች ተነሥተዋል። ተክለ ሃይማኖት፣ አውቶቡስ ተራና መርካቶ ዙሪያ በእግርሽ ዙሪ፤ የማሽን ድምፅና የሰጋቱራ ሽታ ይመራሻል። የሚሸጡበትን ሱቅ ሳይሆን የሚሠሩበትን ጓሮ ነው ማየት ያለብሽ። ጓሮውን ለማሳየት የሚያንገራግር ካለ ተዪው።

ጓሮው ከገባሽ አለቃውን ከማናገርሽ በፊት ለማጆቹን ተመልከቺ። ዓመት የሞላው ለማጅ ምን ይዟል? መሮ ይዞ ቀዳዳ እየቦረቦረ ከሆነ ቤቱ ያስተምራል። አሁንም ብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ ሻይ እየተላከ፣ ሶፋ እየተሸከመ ከሆነ ወንድምሽም የዛሬ ዓመት እዚያው ነው። ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ የለኝም። ማንም አለቃ "አስተምራለሁ" ይላል፤ የለማጁ እጅ ግን አይዋሽም።

ሁለተኛ፣ ጣውላው እንዴት እንደተቀመጠ እዪ። በመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ፣ አየር እንዲያልፍበት ተደርድሮ ከሆነ እንጨት የሚያውቅ ቤት ነው። ትናንት ከመኪና የወረደ እርጥብ ባሕር ዛፍ ዛሬ እግር ሆኖ ወንበር ላይ ከተሰካ ግን ሽሺ። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ነሐሴ ላይ አልከፈት ያለ መሳቢያ ጥር ላይ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የጠረጴዛውን ገጽ ዙሪያውን በኮላ አጣብቆ ይሸጥና በበጋ መሀል ለመሀል ሲሰነጠቅ "እንጨቱ ነው" ይላል።

ሦስተኛ፣ ያልተቀባ ወንበር ካገኘሽ የእግሩንና የመቀመጫውን መጋጠሚያ ዝቅ ብለሽ እዪ። በደንብ የተሠራ ከሆነ አንዱ እንጨት ተቦርቡሮ ሌላው ጫፉን አቅጥኖ ገብቶበታል፤ የሚገባው ጫፍ ውፍረቱ የእንጨቱን ሲሶ ያህል ነው። 3 ሳንቲም ለሆነ እንጨት 1 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያ ቢወፍር የሚቀበለውን እንጨት ያሳሳል፣ ቢቀጥን ራሱ ይሰበራል። ምስማር ብቻ ካየሽ፣ ወይም ክፍተቱ ኮላና ሰጋቱራ ተለውሶ ከተደፈነ፣ ልጁ የሚማረው መደፈን ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት አትጨነቂ። ሁላችንም ዋንዛ እንወዳለን፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች ጋር አስቀምጦት ነበር፤ ዛሬም በየጓሮው እንደልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። ልጁ በግራቪሊያ፣ በፈረንጅ ጥድና በባሕር ዛፍ ይጀምር። በባሕር ዛፍ የተገራ እጅ ዋንዛ ሲያገኝ ዕረፍት ነው።

የመጨረሻው የውል ነገር ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው በቃል ነው የሚያልቀው፤ ለማጁ የምሳና የትራንስፖርት ይሰጠዋል፣ መቼ ደመወዝ እንደሚጀምር ማንም አይናገርም። አንድ አሠሪ ነበር፤ ልጆቹን "ገና አልበሰላችሁም" እያለ ለዓመታት ሲያሠራ የኖረ፣ ወንበሮቻቸውን ግን በሙሉ ዋጋ ይሸጥ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜውና በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው እንዲገለጽ ይፈልጋል። ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ማሰማራትንም ይከለክላል። አዋጁን አንግበሽ አትግቢ፤ ብቻ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አስፍሩ፦ ስንት ወር፣ ምን ምን ይማራል፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ ስንት ይከፈለዋል። የማይፈርም አለቃ ራሱ መልስ ሰጥቶሻል።

እኔ ብሆን በሳምንቱ ቀናት እንጨት ቤት፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ከተገኘ ደግሞ ኮሌጅ ንድፍ አስተምረው ነበር። ሁለቱ ካልገጠሙ እንጨት ቤቱ ይቅደም፤ ምዘናውን ኋላም ይቀመጥለታል።

መልስ (ከሃያ ሁለት)

ጋሼ ባሉት አብዛኛው እስማማለሁ፣ ኤም ዲ ኤፉን ግን አቃለሉት። እኔ የኩሽና ካቢኔት ነው የምሠራው፤ የዛሬ ደንበኛ የሚያዘው እሱን ነው፣ የቤት ኪራይ የምከፍለውም በእሱ ነው። ጥበብ የለውም ማለትም አይቻልም። አንዱ ቦርድ 122 በ244 ሳንቲም ነው፤ መቁረጥ ከመጀመርሽ በፊት ሁሉንም ቁራጭ ወረቀት ላይ ካላሰፈርሽ ግማሹ ፍርፋሪ ይሆናል። መጋዙ ራሱ በእያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ስምንት ጊዜ የቆረጠ ሰው 2.4 ሳንቲም አጥቷል፣ መደርደሪያው አልገባ ሲልም ግድግዳውን ይወቅሳል። የማጠፊያው የ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ትንሽ ከሳተ በሮቹ ተንጋደው ይቀራሉ፤ ኤም ዲ ኤፍ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

ወንድምሽ እንዲህ ዓይነት ቤት ከገባ አንድ ነገር አደራ። የኤም ዲ ኤፍ ብናኝ ከነማጣበቂያው ነው ሳንባ የሚገባው። ጭምብል የማይሰጥ፣ አቧራ መሳቢያ የሌለው ቤት ክፍያው ቢያምርም አይግባ። በሚሽከረከር መጋዝ ላይም ጓንት አያድርግ፤ ጓንቱ ከተያዘ እጁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ከቤታችን በእግር በሚደረስበት እንጨት ቤት አግኝቻለሁ፤ ለማጁ መሮ ይዞ ነው ያገኘሁት። የራሱን ዕቃ ይዞ ይምጣ ተብሏል። ምን ልግዛለት?

መልስ (ከተክለ ሃይማኖት)

ደግ አደረግሽ። ብዙ አትግዢ፤ ማሽኑ የቤቱ ነው። ሜትር፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመሪያው)፣ ሁለት መሮ፣ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ፣ መሳያ ድንጋይ፣ ከዚያ በኋላ የእጅ መላጊያ። ትራፓኖ፣ ማለትም መብሻ ማሽኑ፣ ደመወዝ እስኪከፈለው ይቆይ።

ስኳድራውን መርካቶ ስትገዢ ልጁን ይዘሽው ሂጂ። ቀጥ ካለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በእርሳስ መስመር ያስምር፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጦ ከዚያው ነጥብ ሌላ ያስምር። መስመሮቹ ከተደራረቡ ትክክል ነው፤ ወደ ላይ እየሄዱ ከተራራቁ ስኳድራው ጠማማ ነው፣ አዲስ መሆኑ አያድነውም።

መሮ ከሆነ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ፈልጊ። እጀታው ቢሰበር ይቀየራል፤ ጀርባው ግን በዝገት ያልተበላ ይሁን። አዲስ ከገዛሽ ጥሩ ሞረድ ይዘሽ ጫፉ ላይ ቀስ አድርገሽ ሞክሪ፤ ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ስለት አይዝም። ሻጩ አላስሞክርም ካለሽ አትከራከሪው፣ ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።