አስቸኳይ! የሆቴሉ ጨረታ ነገ 12 ሰዓት ይዘጋል፣ ጠበቃዬ ደግሞ "አልችልም" አለኝ

ጠያቂ፦ ወገኖች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ስኮትላንድ፣ መል ደሴት ላይ ትንሽ ሆቴል ለሽያጭ ወጥቷል። እኔና ባለቤቴ አይተነው ወደነዋል። ዋጋ ማስገቢያው ነገ 12 ሰዓት ይዘጋል። አሁን ማታ የለንደኑ ጠበቃዬ ደውሎ "ስኮትላንድ ላይ እኔ አይሆንልኝም" አለ። ራሴ በኢሜይል ብልክስ? ማስታወቂያው "ከ600 ሺህ ፓውንድ በላይ" ነው የሚለው። ስንት ልጻፍ?

ጨዋታ አዋቂ፦ 12 ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በሀበሻ ከሆነ እስከ ማታ ጊዜ አለህ።

ጠያቂ፦ በፈረንጅ! እኩለ ቀን!

የግላስጎው ሰው፦ ጠበቃህ ልክ ነው። ስኮትላንድ የራሷ የንብረት ሕግ አላት፣ ዋጋውን የሚያስገባልህም የዚያው አገር ጠበቃ ነው። ነገ ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ ኦባን (ከመል ማዶ ያለችው የወደብ ከተማ) ወይም ግላስጎው ላለ ጠበቃ ደውል። መታወቂያህንና የገንዘብህን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጅ፣ ያንን ሳያዩ አይነኩህም። ለሻጩ ወኪልም ደውለህ ቀኑ እንዲገፋ ለምነው። ሻጩ ከፈለገ ያራዝማል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ለመሆኑ ደሴት ምን ያደርግልሃል? በዚህ ብር ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ብትሠራ አይሻልም? መል ላይ የሚኖረው ሦስት ሺህ ገደማ ሰው ነው። ከኦባን እስከ መል ወደብ ክሬግኑር በመርከብ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ነፋስ ከተነሣ መርከቡ ይቀራል፣ እንግዳህም አብሮ ይቀራል። በብርዱ ወራት ስንቱ ሆቴል ዘግቶ ነው የሚቀመጠው! የዓመት እንጀራህን በስድስት ሰባት ወር መጋገር አለብህ።

መንገደኛዋ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ የአዮና መንገድ እኮ በመል ነው። ቅዱስ ኮሎምባ በ563 እ.ኤ.አ. ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት፣ ጎብኚ አይጠፋም። ግን ብዙው የደርሶ መልስ ነው። ሆቴሉ በደሴቱ ዋና ከተማ በቶበርሞሪ ነው ወይስ ወደ አዮና በሚሻገሩበት በፊነፎርት በኩል? አልጻፍክም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ስንት ልጻፍ ላልከው፣ 600 ሺህ መነሻ ነው። የሌላውን ተጫራች ዋጋ አታይም፤ ስለዚህ ለአንተ የሚያዋጣህን ጻፍ። መጀመሪያ ግን ግብሩን ቀንስ። ለንግድ ቤት ግዢ እስከ 150 ሺህ ምንም የለም፣ ከዚያ እስከ 250 ሺህ 1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 5 በመቶ። በ600 ሺህ 18,500 ፓውንድ ይመጣል። ሌላው ቫት ነው። የሚሠራ ንግድ ሆኖ ከተላለፈና አንተም ከተመዘገብክ በአብዛኛው አይጨመርም። ካልሆነ 20 በመቶ፣ ማለትም 120 ሺህ ሊጫንብህ ይችላል። ይኼን ዛሬውኑ ጠይቅ።

አዲስ አባል፦ የስኮትላንድ ጠበቃ ያዝ።

ጠያቂ፦ ተብሏል እኮ ወንድሜ። ካሸነፍኩ በኋላ መውጣት ይቻላል? ባንኩ ገና አልጨረሰም።

የግላስጎው ሰው፦ ጠበቆቹ ደብዳቤ ተለዋውጠው ሙሉ በሙሉ እስኪስማሙ ድረስ አንተም ሻጩም አትታሰሩም። "ብድሩ ከተፈቀደ" የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገባ። ከተስማሙ በኋላ ግን መውጣት ዋጋ ያስከፍላል።

ሆቴል የሠራሁ፦ ባር ካለው የመጠጥ ፈቃዱ ወደ አንተ መዞር አለበት። የግል ፈቃድ ያለው ማናጀርም ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቢራ አትቀዳም። ውሃው ከግል ምንጭ ከሆነ የካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) የምርመራ ወረቀት ጠይቅ። የፍሳሽ ጉድጓዱን በዓይንህ እይ። ሠራተኛ የት ያድራል? ደሴት ላይ የሚከራይ ቤት መከራ ነው። ሁለት ክፍል ለሠራተኛ ከሄደ ከገቢህ ተነሣ ማለት ነው። እንዲያውም የክፍሉ ብዛት ስንት ነው? እሱንም አልነገርከንም።

ጨዋታ አዋቂ፦ ምግብ አብሳይ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ሽሮ ብቻ ነው የምችለው፣ ግን እንግዳው መርከብ ካመለጠው የት ይሄዳል?

ማታ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አሁን ነው ያየሁት። ወንድሜ፣ የስኮትላንድ ጠበቃ ያስፈልግሃል።