ከደብረ ብርሃን ሆኖ ፖስት ዶክ እንዴት ነው የሚገኘው?

የበጓ ዶክተር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዘንድሮ ፒኤችዲዬን ጨርሻለሁ፣ ሥራዬ የመንዝ በግ እርባታ ላይ ነው፣ አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ፖስት ዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ፍለጋ ለውጭ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል እየላክሁ ነው፤ "አይሆንም" ያለኝ እንኳን የለም። ማስታወቂያ ልጠብቅ ወይስ መጻፉን ልቀጥል? ደግሞ አንድ ሰው "የቅበላ ደብዳቤ አስወጣልሻለሁ፣ ትንሽ ብር ብቻ" ብሎኛል። እናንተዬ፣ ይሄስ ያስኬዳል?

ጋቢ ለባሹ (ጀርመን)፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ብር የጠየቀሽን ሰው ዛሬውኑ ብሎክ አድርጊው። ፖስት ዶክ ሥራ ነው፣ ይከፈልሻል እንጂ አትከፍይም።

ኢሜይሉን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገሽ ከላክሽው ማንም አይመልስልሽም። የሰውየውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አንብቢና ካንቺ ዳታ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪው፣ ሲቪሽን አያይዢ፣ በቃ። የሕይወት ታሪክሽን ተይው።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። ብዙ ፕሮፌሰር ቢወድሽም የሚቀጥርበት በጀት የለውም፣ ስለዚህ "በዚህ ፌሎውሺፕ (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) አብረን እናመልክት" ብለሽ ሂጂ። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ፌሎውሺፕ ፒኤችዲ ከያዝሽ 4 ዓመት ካላለፈ ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጣል፣ ማመልከቻውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ጀርመን የሚገኝ ተቀባይ ፕሮፌሰር ግን አስቀድሞ እሺ ማለት አለበት። የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። የሚዘጋው ብዙ ጊዜ እንቁጣጣሽ ሰሞን ስለሆነ ፕሮፖዛሉን ክረምቱን ሙሉ መሥራት ነው፣ ዶሮ ወጡን ሌላ ሰው ይሥራው። የምትሄጂበት አገር ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ከኖርሽ ግን አይሆንም። ማስታወቂያ ለማየት ዩራክሰስ የሚባለውን ድረ ገጽ ተከታተዪ።

የመሐል ሜዳው፦
ዶክተር፣ መንዝ ላይ ሠርተሽ ለማታውቂው ሰው ሁሉ ትጽፊያለሽ? የማኅበረሰቡን የበግ ማሻሻያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ያስጀመሩት ኢካርዳ (የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል)፣ ኢልሪ (ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም) እና ቪየና ያለው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጽሑፎቻቸው ላይ ያሉት ስሞች ያንቺን መንደርና ያንቺን በግ ያውቋቸዋል። ከእነሱ ጀምሪ። ኢልሪ ደግሞ አዲስ አበባ ግቢ አለው፣ ቪዛ አያስፈልግሽም። አማካሪሽ አንዱን እንኳን የሚያውቅ ከሆነ ቀድሞ አንድ መስመር ይጻፍልሽ፤ ያንቺ ኢሜይል በማግስቱ ሲደርስ ይከፈታል።

ዝምተኛው፦
እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ በጽሑፍ ሳትይዢ እንዳትሄጂ። የቃል "ችግር የለም" ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፣ ያውም የፒኤችዲ የአገልግሎት ግዴታ ካለብሽ ተያዥሽን ነው የሚጠሩት።

የበጓ ዶክተር፦
ተባረኩ። ሰውየውን ብሎክ አድርጌዋለሁ። የቦኩን ሰዎች ጽሑፍ እያወረድኩ ነው፣ መብራት ካልሄደ ማታ ኢሜይሉን እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ አርሙልኝ።

ጋቢ ለባሹ፦
ለጥፊው። የፕሮፖዛሉን ሐሳብ ግን እዚህ እንዳትዘረግፊው፣ ያልታተመ ዳታሽንም እንደዚያው።

የመሐል ሜዳው፦
ስልኬ ክፍት ነው፣ የአማርኛውን ስሕተት እኔ፣ የእንግሊዝኛውን ጋቢ ለባሹ።