«ደጉ ሳምራዊ ገንዘብ ነበረው»፤ ታዲያ ምን ይሁን?

የለገሀሬዋ፦
ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለወጣቶች በተሰጠ የሥራ ፈጠራ ትምህርት ላይ ተገኝቼ ነበር። አስተማሪው ወንጌልንም ንግድንም አጣምረው የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1980 በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ የተናገሩትን ጠቅሰው፣ «ደጉ ሳምራዊ በጎ ሐሳብ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር፤ ገንዘብም ነበረው» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥለውም ድሃን የሚወድ ክርስቲያን አስቀድሞ ገበያው በነጻ እንዲለቀቅ መደገፍ አለበት ብለው ደመደሙ። እኔ አላጨበጨብኩም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ምሳሌ ቀማኞች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ አንሥቶ ማደሪያ ቤት ስላሳረፈው ሳምራዊ ነው። ከ«ገንዘብ ነበረው» ተነሥቶ «ገበያውን ልቀቁት» ላይ መድረስ የደቻቱን ወንዝ በክረምት ያለ ድልድይ እንደ መሻገር ነው። ሳምራዊው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ወንጌሉ አንድም ቃል አልተናገረም፤ የተናገረው ምን እንዳደረገበት ነው።

የቀፊራ ነጋዴ፦
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። እኅቴ፣ ወንጌሉ ያልተናገረው የታወቀ ስለሆነ ነው። አህያ ነበረው፣ ዘይትና የወይን ጠጅ ይዞ ነበር፣ ማደሪያ ቤት ገብቶ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ከፈለ፣ «ስመለስ እከፍልሃለሁ» ሲልም በቃሉ ታመነ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ፣ በየማደሪያው ዱቤ ያለው ሰው በእኛ አገር ቋንቋ ምን ይባላል? ነጋዴ ነው እኮ! ካህኑና ሌዋዊው አይተውት አልፈዋል፤ የቆመለት ነጋዴው ነው። እናንተ ግን በየስብከታችሁ ነጋዴን ከቀማኛው ጋር ስትደምሩት ትኖራላችሁ።

ዲያቆን ዘሳቢያን፦
ወንድሜ፣ ምሳሌውን ወደ መርካቶ ከመውሰድዎ በፊት የአባቶችን ትርጓሜ ቢያስታውሱ መልካም ነው። ቁስለኛው አዳም ነው፤ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፤ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ ዲናሮች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ስለ ገንዘብ የተነገረ ምሳሌ አይደለም።

ጡረተኛ ሐዲድ፦
ዲያቆን፣ እኔ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ስለ ጾም ሲነሣ ቃሉ እንደ ተጻፈ ይጠበቃል፤ ስለ ገንዘብ ሲነሣ ግን ወዲያው ምሥጢር ይሆናል። ትርጓሜው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን የጨረሰው «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» ብሎ ነው እንጂ «ሂድ አንተም እንዲሁ ተርጉም» ብሎ አይደለም።

የለገሀሬዋ፦
አባባ ሐዲድ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ነጋዴው ልመለስ። ነጋዴ ነበር እንበል፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን ስንት እንደ ከፈለ ይመልከቱ፤ ሁለት ዲናር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን አትክልት ሠራተኞች በቀን በአንድ ዲናር ነው የተስማሙት፤ ስለዚህ ሳምራዊው ያወጣው የአንድን የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ይህን ለማውጣት ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም፤ ቀፊራ ገበያ በር ላይ ጆንያ የሚሸከመው ልጅም ሊያወጣው ይችላል፤ ሲያወጣም አይቻለሁ። ባለፈው ጾም አንዲት ምስር በጣሳ የምትሸጥ ሴት ፀሐይ መትቷት ስትወድቅ፣ ከጀርባው ጭነቱን አውርዶ ውኃ የገዛላት፣ ባጃጅ ጠርቶ ሒሳቡን የከፈለላት ተሸካሚው ነበር። ከደጃፋቸው ቆመው ያዩ ባለሱቆችም ነበሩ፤ እነርሱም ገንዘብ ነበራቸው።

የቀፊራ ነጋዴ፦
አቦ፣ ደግሞ እኔ ላይ መጣችሁ! እኔ በዚያ ቀን ሱቅ አልነበርኩም እንጂ… ለማንኛውም፣ አንድ ተሸካሚ ውኃ መግዛቱ ኢኮኖሚ አይሆንም። ተሸካሚው የሚሸከመው ጆንያ ያለው ነጋዴው ስላመጣው ነው። ነጋዴው ባይኖር ተሸካሚውም፣ ምስር የምትሸጠውም ሴት፣ ባጃጁም አይኖሩም። እናንተ የምትሉት የድሃ መውደድ ደግሞ በዚህ አገር ተሞክሯል። በ1967 ዓ.ም. መሬቱም፣ ትርፍ ቤቱም፣ ፋብሪካውም ለሕዝብ ተባለ፤ ሕዝቡ ያገኘው ሰልፍ ነው። ደርግ ይሻላል የምትሉ ከሆነ በግልጽ ጻፉት።

የለገሀሬዋ፦
ደርግን ማን አነሣ? ይህ ስድብ ለእኛም አዲስ አይደለም፣ ለእነርሱም አልነበረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1985 በከተሞች ስላለው ድህነት ጥናት አውጥታ መንግሥትንም ራስዋንም ስትወቅስ፣ ስሙ ያልተገለጸ አንድ የታቸር ካቢኔ ሚኒስትር ጥናቱን «ማርክሳዊ» ብሎታል። ያ ጥናት ግን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ያሠሩት ነበር። በእኛም ዘንድ ስለ ደመወዝ የጠየቀ ሁሉ ወዲያው ካኪ ይለብሳል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ በቀማችሁት የሠራተኞች ደመወዝ ምክንያት የአጫጆች ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ ገባ ሲል የየትኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ነበር?

ጡረተኛ ሐዲድ፦
ስለ ታቸር ከተነሣ የሚጎድለውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤድንብራ ሄደው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ሲናገሩ የጠቀሱት የጳውሎስን ቃል ነበር፤ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን። ንግግራቸውን ሲጨርሱ የጉባኤው ሊቀመንበር ምስጋናቸውን አቅርበው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ድህነትና ስለ መኖሪያ ቤት ያዘጋጀቻቸውን ሪፖርቶች አስረከቧቸው። እንዲህ ያለውን የጨዋ መልስ እወዳለሁ። ጳውሎስም ቢሆን «የማይወድ» አለ እንጂ «ያላገኘ» አላለም። ከዚራ ዛፎች ሥር ገና ሳይነጋ መጥረጊያ ይዘው የሚሰማሩትን የከተማ ሴፍቲኔት እናቶች ያየ ሰው፣ ድህነት የስንፍና ልጅ ነው ብሎ መስበክ ይከብደዋል።

የቀፊራ ነጋዴ፦
አባባ፣ እርስዎ በባቡር ደመወዝ ልጅ ያሳደጉ ሰው ነዎት፤ ይህች ከተማ ራስዋ የማን ልጅ እንደ ሆነች ያውቃሉ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱን እዚህ ያደረሰው ምጽዋት አይደለም፤ አክሲዮን ነው።

ጡረተኛ ሐዲድ፦
አሳምሬ አውቃለሁ። ያ ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ገብቶበት በማግሥቱ ዓመት ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የመንግሥት የሚሆንበትን ገበያ «ነጻ» የሚለው ማን ነው? ለሀብታም ሲሆን እጅ መዘርጋት ይፈቀዳል፤ ለድሃ ሲሆን ግን ስንፍና ያስተምራል ይባላል።

የመጋላ ጎረቤት፦
በጎረቤት ክርክር መግባት ነውር ካልሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። በእኛ ዘንድ ዘካ የሰጪው ደግነት አይደለም፤ የተቀባዩ መብት ነው። ሀብቱ መጠኑን ሞልቶ ዓመት የዞረበት ሰው ከመቶ 2.5 ያወጣል፤ ቢወድም ባይወድም። ነጋዴ መሆንም ነውር አይደለም፤ ነቢያችንም ነግደዋል። እናንተ የምትከራከሩበት ነገር፣ ለድሃው የሚሰጠው የእርሱ ድርሻ ነው ወይስ የሀብታሙ ስጦታ ነው የሚለው ይመስለኛል። በመጽሐፋችሁ የትኛው ነው?

ዲያቆን ዘሳቢያን፦
ጥያቄው ከሁላችንም ንግግር የተሻለ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባቶቻችን መልሰውታል። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ባለጸጋው ነዌና በደጁ ስለ ወደቀው ድሃ ስለ አልዓዛር ሲያስተምር፣ ካለን ለድሃ አለማካፈል የድሃውን መቀማት እንደ ሆነ በግልጽ ተናግሯል። ነዌ አልዓዛርን አልመታውም፣ አልሰደበውም፣ ከደጁም አላባረረውም፤ ጥፋቱ አለመስጠቱ ነው። ባስልዮስም በጎተራ የተቆለፈው እንጀራ የተራበው ሰው ሀብት ነው ብሎ አስተምሯል፤ በስብከት ብቻም አልቀረም፤ በቂሣርያ አጠገብ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አቋቁሟል። ስለዚህ ድርሻው ነው እላለሁ። ነገር ግን ድርሻውን የሚያስረክበው የሰው ልብ እንጂ የመንግሥት ክንድ አይደለም። ጴጥሮስ ሐናንያን «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን?» ነው ያለው። በግድ የተወሰደ ምጽዋት አይባልም።

ጡረተኛ ሐዲድ፦
እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ያ የቀዳሽ ሲሶ ከአራሹ ጎተራ ይወጣ የነበረው በልብ ፈቃድ ነበርን?

ዲያቆን ዘሳቢያን፦
አባባ፣ ያ ሲሶ ድሃ ተማሪ አስተምሯል፣ መጽሐፍ አስጽፏል፣ በዓል አብልቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ ዛሬ የምትኖረው በሙዳየ ምጽዋትና በአሥራት ነው።

ጡረተኛ ሐዲድ፦
ተወሰደባት እንጂ አልሰጠችም። እርስዎ አሁን በግድ የተወሰደ ምጽዋት አይባልም ብለዋል፤ በአራሹ በኩል ሆነው ደግመው ያንብቡት።

የለገሀሬዋ፦
ስለ መሬት ሌላ ቀን እንጣላ፤ ነጋዴው በዚህ መሐል እያመለጡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲታወጅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጡረተኛ አበል በዚያው ሳምንት አብሮ ተነሥቷል? ምስር በጣሳ የምትሸጠዋ ሴት ጣሳዋን አላሳደገችም፤ ትርፏን ነው ያሳነሰችው። ለእርሷ የነጻ ገበያ ወንጌል የሚሰብክ ሰው በዚያ ሳምንት የት ነበር?

የቀፊራ ነጋዴ፦
የትም አልሄድኩም፤ ዕቃ ላወርድ ታይዋን ተራ ገበያ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የነበረውንም አብረው ይናገሩ እንጂ። በባንክ ዋጋ ዶላር ያገኝ የነበረው ማን ነው? ዘመድ ያለው ነው፤ እኔና መሰሎቼ ከጥቁር ገበያ በእጥፍ ገደማ ስንገዛ ያ ሰው በርካሽ ወስዶ በውድ ይሸጥልን ነበር። ያን ጊዜ ነበር ቁጥጥሩ ለድሃ ነው ይባል የነበረው። ምስር የምትሸጠዋ ሴት ባንክ ገብታ በ57 ብር ዶላር ገዝታ ታውቃለች? ቁጥጥር ሲበዛ ወንበዴው ጠረጴዛ ተሰጥቶት ይቀመጣል። እኔ ነጻ ገበያ ስል ያን ጠረጴዛ አንሡልኝ ማለቴ ነው።

የለገሀሬዋ፦
ይህን ክርክርዎን አከብራለሁ፤ ከሁሉም የተሻለው ነው። ጠረጴዛውን እናንሣ። ነገር ግን ጠረጴዛው ሲነሣ የተገፋው ሁሉ በምስር ሻጯ እናት ላይ ወደቀ፤ እርስዎም ይህን «ለጊዜው ነው» ብለው ያልፉታል። አሁን የወንጌሉን ቃል በአማርኛችን ያንብቡልኝ። ሳምራዊው ለማደሪያው ጠባቂ «ጠብቀው፥ ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ነው ያለው። «የምትከስረውን» ነው የሚለው! ይህ የእናንተ የነጋዴዎች ቃል ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ኪሳራውን በራሱ ላይ የጻፈው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ ቁስለኛው ትንሽ ይታገሥ፣ ገበያው ሲረጋጋ ይድናል አላለም። እናንተ የምትሰብኩት ሳምራዊ ግን ትርፉን ይዞ አህያው ላይ ይወጣል፤ ኪሳራውን ቁስለኛው ይሸከማል።

የቀፊራ ነጋዴ፦
አንድ ቃል ይዛችሁ አንድ ሳምንት ትውሉበታላችሁ።

የለገሀሬዋ፦
«ገንዘብ ነበረው» የሚለውን ቃል የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ነው ያነበብኩት።

የመጋላ ጎረቤት፦
ጎረቤቶቼ፣ ስለ ማደሪያው ጠባቂ ግን ማንም አልተናገረም። ሰውየው ሁለት ዲናር ተቀብሏል፤ የቀረውን ያወጣው ከኪሱ ነው። እንግዳው ሳምራዊ ነው፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር እንደማይተባበሩ ትነግሩናላችሁ። በማያውቀው ባዕድ ቃል ብቻ ዱቤ ሰጠ። እኔ ሱቅ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ዱቤ ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰኝ አላህ ያውቃል። ለመሆኑ ሳምራዊው ተመልሶ ከፈለው?

ዲያቆን ዘሳቢያን፦
ወንጌሉ አልነገረንም። ትርጓሜው ግን «ስመለስ» ያለው ዳግም ምጽአቱን ነው ይላል። ተመልሶ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱም እንደ ሥራው ይከፍላል።

የቀፊራ ነጋዴ፦
አሜን፤ እኔም አምናለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ዲያቆን፣ ዱቤው በማን መዝገብ ላይ ይቆይ?