የ9 ሚሊሜትር ካርባይኔ ቃታ ከበደኝ፤ ልሞርደው ወይስ ልተወው?

ጀማሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። ኤአር-15 በሚባለው ጠመንጃ አሠራር የተሠራ፣ 9 ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) አለኝ። ፈቃድ ያለው ነው፤ የምጠቀምበትም ለኢላማ ብቻ። ችግሬ ቃታው ነው። በሻንጣ ሚዛን ስስበው 3.4 ኪሎ ይመጣል። መሃል ላይ ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል ይንገጫገጫል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥይቶች ደህና እመታለሁ፤ ከዚያ ጣቴ ይዝልና ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል።

ባለፈው ሳምንት ቀለል ያሉ ሞላዎች ገዝቼ የመዶሻውንም (መርፌውን የሚመታውን) የቃታውንም ቀየርኩ። 2.2 ኪሎ ገባ። ደስታዬ ግን እስከ ተኩስ ቦታው ነው የቆየው፤ ከ20 ጥይት 3ቱ ከሸፉ። አሁን አንድ ወዳጄ «የድሮውን ሞላ መልሰህ ቃታውና መዶሻው የሚነካከሱበትን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርገው» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ቀለሃ ለቃሚ፦
ጥርሱን እንዳትነካ! መጀመሪያ ግን የከሸፉትን ጥይቶች ከተተኮሱት ቀለሃዎች ጎን አስቀምጣቸውና ግርጌያቸውን እይ። መሃል ያለችው መለኮሻ (ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ላይ የመርፌው ምልክት እንዴት ነው? በደንብ ጎድጉዷል ወይስ ጫር ብቻ ነው ያደረጋት?

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጥይት ሲከሽፍብህ ወዲያው አትክፈተው። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ።

ጀማሪው፦
አሁን አየኋቸው። የተተኮሱት ጎድጎድ ብለዋል። የከሸፉት ላይ ያለው ምልክት በጥፍር ሲዳሰስ እንኳ እምብዛም አይታወቅም።

ቀለሃ ለቃሚ፦
በቃ፣ መዶሻህ ጉልበት አጥቷል። የቀየርከው የመዶሻ ሞላ ለስላሳ መለኮሻ ያላቸውን ያፈነዳ ይሆናል፤ ጠንከር ያሉትን ግን አይችልም።

ዝምተኛው፦
እኔ የራሴን ሞርጄ ሦስት ዓመት ተኩሼበታለሁ። ምንም አልሆነም። ሰው ዝም ብሎ ያስፈራራል።

ጋሽ ተኳሽ፦
ዝምተኛው፣ እግዜር ጠብቆሃል፤ ለሌላ ሰው ግን አትምከረው። የነዚህ ክፍሎች ብዙዎቹ የጠነከሩት ላያቸው ላይ ብቻ ነው። ያ ቆዳ ስስ ነው። በወረቀት ከፈተግከው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይወጣል፤ ለጊዜው ቅቤ ይመስላል፣ ከዚያ ግን በየተኩሱ እየተበላ ይሄዳል። እንዲሁ የፈተግኩት የእኔ መሣሪያ አንድ ቀን ቃታውን አንዴ ስቤ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ሁለተኛው ጥይት የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። መሣሪያ እንዲህ ሲያደርግ ካዝናውን አውጥቶ፣ ባዶነቱን አረጋግጦ ለባለሙያ መስጠት ነው። በብዙ አገር ደግሞ በአንድ ስበት ከአንድ በላይ የሚተኩስ መሣሪያ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።

ጀማሪው ልጄ፣ አንተ ጋ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ አንተ ያሉት የ9 ሚሊሜትር ካርባይኖች አብዛኞቹ መዝጊያቸው በቁልፍ አይያዝም። በርሜሉን ዘግቶ የሚያቆየው የመዝጊያው ክብደትና የኋላው ሞላ ነው። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲመጣ መዶሻውንም እየገፋ ስለሚያቀባብል፣ የመዶሻው ሞላ እሱንም ያዘገየዋል። ሞላውን ስታለሰልስ ጥይት መክሸፉ ብቻ አይደለም፤ መዝጊያው ቀድሞ ይከፈታል፣ በኃይልም ይመጣል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ የቃታና የመዶሻ ፒን መሰበር የታወቀ ነው። ሙሉ የቃታ ስብስብ መግዛት ካማረህም ለ9 ሚሊሜትር እንደሚሆን ሠሪው በግልጽ የጻፈበትን ብቻ ግዛ።

ስለዚህ የመዶሻውን የድሮ ሞላ መልስ። የቃታው ቀላል ሞላ ይቆይ። የሚንገጫገጨው ቆሻሻ ይሆናል፤ አጽዳው፣ የቃታው አፍንጫ መዶሻውን በሚነክስበት ቦታ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ግሪስ አድርግ። ከዚያ በላይ አታድርግ፣ አመድ ይሰበስባል።

ቀለሃ ለቃሚ፦
ስትከፍተው ከመሣሪያው ባዶነት ጀምር፤ ካዝና ይውጣ፣ ማጉረሻውን በዓይንም በጣትም እይ፣ ጥይት ሁሉ ከምትሠራበት ቤት ይውጣ። የመሣሪያው የላይኛው ክፍል ተነስቶ ቃታ አትሳብ፤ መዶሻው አካሉን ይመታዋል። መሳብ ካለብህ መዶሻውን በአውራ ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ አውርደው። ደግሞስ የመዶሻው ሞላ እግሮች የት ነው ያረፉት? አንዱ የግድ የቃታው ፒን ላይ ባለችው ቦይ ውስጥ መግባት አለበት። ፒኑን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው።

ጀማሪው፦
ጋሼ፣ ቀለሃ፣ ተባረኩ። ከፍቼ አየሁት፤ አፈርኩ። የሞላው እግር ከቦይዋ ውጪ ነበር፤ ፒኑም በአንድ በኩል ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቅ ብሏል። የድሮውን ሞላ አስገባሁ፣ በብሩሽ አጸዳሁ፣ ግሪሷንም አደረግኩ። አሥር ጊዜ መዝኜ አማካዩ 2.7 ኪሎ መጣ። መንገጫገጩ ጠፍቷል። ከመተኮሴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ጋሽ ተኳሽ፦
ባዶውን አቀባብል። ሴፍቲ ላይ አድርገህ ቃታውን በደንብ ሳብ፤ መዶሻው መውረድ የለበትም። ቃታውን ልቀቅና ሴፍቲውን ክፈት፤ አሁንም መውረድ የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚዘላት እቺን ነው። ከዚያ ሳብ፤ ይውረድ። ቃታውን እንደሳብክ ሳትለቅ መልሰህ አቀባብል፤ ሁለተኛው መንጠቆ መዶሻውን መያዝ አለበት። ቀስ ብለህ ቃታውን ስትለቅ «ቀጭ» ይላል፣ መዶሻው ግን አይወርድም። ይህን ሃያ ጊዜ ድገመው። በመጨረሻ አቀባብለህ፣ ሴፍቲውን ከፍተህ፣ ሰደፉን በጎማ መዶሻ ከየአቅጣጫው ምታ። አንዷን እንኳ ከወደቀ አትተኩስበት።

ተኩስ ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ አጉርስ። ቀጥሎ ሁለት። ሁለቱም በአንድ ስበት ከወጡ ካዝናው ባዶ ስለሆነ እዚያው ይቆማል።

ጀማሪው፦
ዛሬ ተኮስኩ። በአንድ፣ በሁለት፣ ከዚያ በአምስት አምስት አድርጌ 50 ጨረስኩ። አንድም አልከሸፈም። ጥይቶቹ አሁንም ትንሽ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እሱ ግን የቃታው ጥፋት አይመስለኝም።

ጋሽ ተኳሽ፦
አይደለም፤ ቃታውን በጣትህ ጫፍ ሳብ እንጂ አትጨምድደው። ለሁለት ሳምንት እውነተኛ ጥይት ሳይኖርበት፣ ባሩድም መለኮሻም የሌለው የልምምድ ጥይት አጉርሰህ ሳብ። ከዚያ ተመለስና ንገረን።