ከአያቴ ሙዳይ የወጡ ሰባት ማርካዎች

የጅሬን ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ስናነሣ ከአያቴ በወረሰችው ሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠሩ ሰባት ክብ የናስ ቁራጮች አገኘን። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ በነበረ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበረች። ቤተሰቡ የሚጠራቸው «ማርካ» ብሎ ነው። እናቴ «የሰባት ቀን ደመወዝ ነው፤ ጣሊያን ሲሸነፍ ባለ መጋዘኑ ሳይመነዝርላት ሄደ» እያለች አሳድጋናለች። እኔም ይህን ለልጆቼ ነግሬአለሁ።

ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኳቸው፤ እያንዳንዱ ወደ 9 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ በኩል የድርጅቱ ስም ነበረ፤ ከመዳሰስ ብዛት ጠፍቷል። ከሥሩ የከተማችን ስም በጣሊያኖች አጻጻፍ፣ በ«ጂ» ፊደል ጀምሮ ይነበባል። በሌላው በኩል 38 የሚል ቁጥር በምት ተቀርጿል። ከላይ ቀዳዳ አላቸው። ወርቅ ሠሪው «አሲድ ነክሬ ላብራልህ» ቢለኝ እጄ አልታዘዘኝም፤ ይዤ ተመለስኩ። ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አለ?

ጠገራ ሰብሳቢ፦
እንኳን ይዘዋቸው ተመለሱ! አሲድ የገባ ናስ ቆዳው ይላጣል፤ የቀረችው ፊደልም ትሄዳለች። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ፕላስቲክ ውስጥ አይክተቱ። ፊደሎቹን ለማንበብ ማታ ባትሪ ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሡ፤ ዓይን ያላየው በጥላው ይታያል።

የእናትዎ ነገር በጊዜ አንፃር ያስኬዳል። ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። (በነገራችን ላይ ሰብሳቢዎች ይህን ዕቃ «የቅኝ ግዛት ማርካ» ብለው ሲመዘግቡት ያመኛል። እኛ አምስት ዓመት ተወረርን እንጂ ቅኝ አልተገዛንም።) ያኔ ሰው ከጣሊያኑ ሊሬ ይልቅ ማርትሬዛን (ጠገራ ብርን) ያምን ስለነበር ጣሊያን ራሱ ማኅተሙን ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ጠገራ ብር ያሳትም ነበር።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የደመወዝ ማርካ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይጻፍበታል። በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የኮሎምቦው ጆርጅ ስቱዋርት ኩባንያ ለወካንዴ የቡና ፋብሪካው በ1843 እ.ኤ.አ. ያሠራው ማርካ «አራት ተኩል ፔንስ» ይላል። በኋላ ሩፒው በመቶ ሳንቲም ሲከፈል የወጣው ደግሞ 19 ሳንቲም ይላል። ሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ሂሳብ ናቸው፤ 24 ፔንስ አንድ ሩፒ ነበርና። እንዲህ ያለ ጎደሎ ቁጥር ማንም ለገበያ ብሎ አያሳትምም፤ የሠራተኛው ክፍያ ነው። የእርስዎ 38 ግን የምን 38 ነው? ሊሬ እንዳንለው አልተጻፈም። ሰባቱም ላይ ያው 38 ነው?

የአጋሮ እናት፦
ልጄ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቡና ለቀማ ነው። የኔ ዘመን ካርቶን ነበር፤ ቁጥራችንን ጽፈንበት ከጨረስነው ጆንያ አፍ ላይ እናስራለን። ተቆጣጣሪው ከፍቶ ጥቁር ፍሬ ወይም ስብርባሪ ካገኘ በቁጥሩ ይጠራንና መልሰን እንለቅማለን። ንጹሕ ከሆነ ይቆጠርልናል፤ ካርቶኑም ይመለስልናል። ቀዳዳው ለጌጥ አይመስለኝም። ክር የገባበት እንደሆነ እየው።

የጅሬን ልጅ፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባቱም ላይ ያው 38 ነው። ትናንት ማታ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። የአምስቱ ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ወደ ላይ ተበልቶ እንደ እንባ ጠብታ ሾሏል። በአንደኛው ውስጥ የጠቆረ የቃጫ ጭረት ተሰክቷል፤ ርዝመቱ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። አልነካሁትም።

እንግዲህ 38 አያቴ ራሷ ናት። ያልተከፈለ የሰባት ቀን ደመወዝ ስንል የኖርነው ከጆንያ ተፈትቶ የተመለሰላት ቁጥሯ ሊሆን ነው ማለት ነው። እናቴ ባለችበት ሰምታው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። አንዲት አክስቴ በሕይወት አለች፤ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ትኖራለች። እሑድ ሄጄ አያቴ ማታ ማታ ከመጋዘን ስትመለስ በእጇ ምን ትይዝ እንደነበር እጠይቃታለሁ።